የፍላንጅ ቤቱ ጥፍር

የፍላንጅ ቤቱ ፈታሽ በቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ያሳደገው ጥፍር ከራሱ ስም ይበልጥ የታወቀ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ጥፍር» ይለዋል፤ ከኋላው ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊትም። እሱም ቅጽል ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎት ኖሯል። ጥፍሩ ወፍራም፣ ወደ ቢጫነት የሚያደላ፣ ጫፉ እንደ ማንኪያ አፍ የተከረከመ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በደቃቅ ሞረድ ያበጃጀዋል፤ ሚስቱም ልክ በዚያ ሰዓት ምንጣፍ ማራገፍ ትጀምራለች።

ቤት ውስጥ ሳህን አያጥብም፣ ቆርቆሮ አይከፍትም፣ ቋጠሮ አይፈታም። እንዲህ አድርግ ሲሉት አውራ ጣቱን ቀጥ አድርጎ ያሳያል።

«የመሥሪያ ቤት ንብረት ነው።»

«ታዲያ መሥሪያ ቤቱ ይመግበው» ትላለች ሚስቱ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ ፍላንጅ ማለት በቧንቧ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ ዙሪያውን ለብሎን የተበሳ ወፍራም የብረት ክብ ነው። ሁለት ፍላንጆች ፊት ለፊት ይገጠሙና በብሎን ይታሰራሉ። ይህ ቤት የሚሠራው ለነዳጅና ለጋዝ ጉድጓድ አፍ የሚሆኑትን፣ ከምድር ሆድ ተገፍቶ የሚመጣውን ግፊት ችለው የሚቆሙትን ነው። በእያንዳንዱ ፍላንጅ ፊት ላይ ክብ ቦይ ይቆፈራል፤ በሁለቱ ቦዮች መካከል ከፍላንጁ ለስለስ ካለ ብረት የተሠራ ቀለበት ይቀመጣል፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ቀለበቱ ተጨፍልቆ ቦዩን ይደፍነዋል። ቦዩ ውስጥ ዙሪያውን የሚዞር ጭረት ቢኖር ይታለፍ ይሆናል። ከውስጥ ወደ ውጭ አቋርጦ የሚሄድ ጭረት ግን ፀጉር ቢያክልም ለጋዝ የተከፈተ በር ነው።

ያንን ጭረት ጋሽ ጥፍር በጥፍሩ ያገኘው ነበር። ቦዩን በቶርኖ ማሽን የምትቆፍረው እቴቴ የሚሏት ሴት ናት፤ ክንዷ እንደ ወንድ፣ ምላሷ እንደ ሁለት ሴት። ስትጨርስ ቦዩን ከበርሜል በሚቀዳው ማጽጃ ትወለውለዋለች። ጋሽ ጥፍር ማጽጃው ሳይደርቅ ይደርሳል፤ «እርጥብ ሲሆን ነው የሚናገረው» የሚል የራሱ እምነት አለው። ዓይኑን ይጨፍናል፣ አንገቱን ያዘምማል፣ ጥፍሩን ከቦዩ ግድግዳ ላይ ያሳርፍና ቀስ እያለ ያስኬደዋል። እዚያ ሰዓት ማንም አይስልም። ጥፍሩ ከተደናቀፈ ዓይኑን ይገልጥና እቴቴን ይሰድባታል፤ እሷም መልሳ ትሰድበዋለች፤ ከዚያ ቦዩ ይደገማል።

በፊት እንዲህ አልነበረም። ጋሽ ጥፍር ለብዙ ዓመት የሞረድ ጠረጴዛ ላይ የብረት ትርፍራፊ ሲፍቅ፣ አቧራ ሲውጥና ጥቁር አክታ ሲተፋ የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን ማንም ያላየውን ጭረት በጥፍሩ አገኘ፤ የቤቱ ባለቤትም እዚያው ነጭ ካፖርትና መደገፊያ ያለው ወንበር ሰጠው። ባለቤቱን ሠራተኞች «ይቻላል» ይሉታል፤ ደንበኛ ጥያቄውን ሳይጨርስ «ይቻላል!» የማለት ልማድ ስላለው። አንድ ጊዜ ደንበኛው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሲጠይቀው እንኳ «ይቻላል» ብሏል።

ነገሩ የጀመረው አንድ ትልቅ የጋዝ ድርጅት ስድስት ጥንድ ፍላንጅ ካዘዘ በኋላ ነው። የድርጅቱ ኢንጂነር ሥራውን ሊጎበኝ መጣና በትሕትና ጠየቀ።

«የቦዩን ልስላሴ በምን ትለካላችሁ?»

ይቻላል የጋሽ ጥፍርን አውራ ጣት ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ በሬ እንደሚሸጥ ሰው። «በዚህ!»

ኢንጂነሩ ጥፍሩን ረጅም ጊዜ አየው። «መለኪያ መሣሪያ አለ እኮ፤ ትንሽ ሣጥን ናት፤ ከፈለጋችሁ ለጊዜው ልናውሳችሁ እንችላለን።»

«ጥፍሩ እስካለ አያስፈልገንም።»

እንግዳው ሲሄድ ይቻላል ጋሽ ጥፍርን ጥግ ወሰደው። «ስማኝ። ሰውየው በሣጥኑ ልቤን ከፍሎታል። ይህ ጥፍር አንድ ነገር ቢሆን በማግስቱ ሣጥኑን አስመጣለሁ፤ አንተም ወደ ሞረድህ። ጥፍር ካለ ወንበር አለ፤ ጥፍር ከሌለ አቧራ አለ። ገባህ?»

ገባው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአውቶቡስ ሲሄድ አውራ ጣቱን በጡጫው ውስጥ ደብቆ፣ ሲተኛ ትራስ ሥር ሸሽጎ ሆነ። ሰው ግን ክፉ ነገር ከመንገድ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ከሱሪው ይመጣበታል። ሐሙስ ቀን፣ መሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ የሱሪው ዚፕ እምቢ አለው። ጎተተው፤ እምቢ። በግራ እጁ ሞከረ፤ እምቢ። ውጭ የቆመ ሰው በሩን እየደበደበ «ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ነው እንዴ ጡረታ የሚወጡት?» ሲል ተጣደፈና አውራ ጣቱን ከዚፑ ሥር ሰደደ። ጧ!

ግማሹ ጥፍር ወለሉ ላይ ወደቀ። ዚፑ ግን አልተዘጋም።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ መጀመሪያ ያየችው ሱሪውን ነው።

«በዚህ ሁኔታ ነው በመንገድ የመጣኸው?»

«ተሰበረ።»

«ምኑ?» አለች ደንግጣ።

አውራ ጣቱን አወጣላት። ሚስቱ አየችው፣ ከዚያ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች፣ ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱ ግን ስለ ሣጥኑና ስለ ሞረዱ ሲነግራት ሳቋን ዋጠች። ሞረዱን ታውቀዋለች፤ ያንን አክታ ያጠበችው እሷ ናት።

«እስኪያድግስ?» አለች።

«ወራት ይፈጃል። የድርጅቱ ፍተሻ ደግሞ ሰኞ ነው።»

ሚስቱ አሰበች። «እህቴ ጋ እንሂድ።»

«እህትሽ ፀጉር ሠሪ ናት።»

«ጥፍርም ትተክላለች፤ ሞኝ።»

የሚስቱ እህት የውበት ሳሎን አራት መስተዋትና ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። ጋሽ ጥፍር ፀጉራቸውን በላስቲክ በጠቀለሉ ሴቶች መካከል፣ ትንሽ ሮዝ ትራስ ላይ እጁን ዘርግቶ ተቀመጠ።

«አንድ ብቻ ነው የምትፈልገው?» አለች የሚስቱ እህት።

«አንድ።»

«ሌሎቹ ዘጠኙ ምን በደሉ?»

«እባክሽ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

«የእህቴ ባል፣ አንተን ለማዋረድማ ዘግይቻለሁ።»

ማድረቂያው ሥር የተቀመጡ ወፍራም ሴትዮ አንገታቸውን አወጡ። «ቀይ ያምርበታል፤ ለጠይም እጅ ቀይ ነው።»

የቀረው ግን ሮዝ ብቻ ነበር። የቆዳ ቀለም የለሽም ወይ ሲላት «የቆዳ ቀለም የምትፈልግ ሴት እዚህ ምን ልትሠራ ትመጣለች?» አለችው። በሰባራው ጥፍር ላይ ማስቲሹን ቀብታ ሮዙን ጫነችበት፤ ጫፉን እሱ እንዳላት እንደ ማንኪያ ቆረጠችው።

«በጥርስህ ብትስበው አይነቀልም። ማስለቀቅ ስትፈልግ እኔ ጋ ና፤ በጠርሙሴ አስለቅቅልሃለሁ።»

ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ አልጠየቃትም። ጠርሙሷን ከፍቶ ቢያሸተው ኖሮ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ በሽቶና በተቃጠለ ፀጉር ሽታ ታፍኖ ነበር፣ እሱም ቶሎ መውጣት ነበር የፈለገው። ያን ማታ ጥፍሩን በብርጭቆ ወረቀት አሻሸው፣ በወፍራም ሻይ ነከረው። ከላይ ቢጫ መሰለ። ከሥሩ ግን አሁንም እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ነበር።

ዓርብ ዓይኑን በጨው ታጥቦ ሥራ ገባ። ጥፍሩን ለማየት የጠየቀ አልነበረም፤ ችግሩ ጥፍሩ ምንም አለመስማቱ ነው። በሰው ሠራሽ ጥርስ እንደማላመጥ ያለ ነገር ነበር፤ ያኝካል እንጂ አይቀምስም። ቦዩ ላይ ያስኬደዋል፤ ከብረቱ የሚመጣ ወሬ የለም። ስለዚህ ወሬውን እሱ ራሱ ፈጠረ። ዓይኑን ከወትሮው አስረዝሞ ጨፈነ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ «አልፏል» አለ። ሁለተኛውን፣ «አልፏል።» ሦስተኛውን፣ «አልፏል።»

እቴቴ መወልወያዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ አፈጠጠችበት።

«ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ምን አየሽ?»

«ሦስት ፍላንጅ ሙሉ ሳትሰድበኝ አሳለፍክ። ሚስትህ ደህና ናት?»

ጋሽ ጥፍር ልቡ ተሰቀለ። አራተኛው ላይ ግማሽ መንገድ ሄዶ ድንገት ቀጥ አለ። «ይሄስ! ይሄ ቦይ ነው ወይስ የአማት ምላስ? ድገሚው!»

«ጎሽ፣ አሁን ዳንክ» አለች እቴቴ፤ ደስ እያላትም እየተናደደችም ምንም ያልጎደለውን ቦይ እንደገና ቶርኖ ላይ ጫነችው። ከሰዓት በፊት በሙሉ ደከመችበት። ጋሽ ጥፍር ወንበሩ ላይ ሆኖ ላቧ ሲወርድ አየ፤ ትንሽ አፈረ፤ ወንበሩን ግን ወደ ኋላ ደገፍ አለው።

ያልጠረጠረው አንድ ነገር ነበር። የሚስቱ እህት ጠርሙስና የፍላንጅ ቤቱ በርሜል ስማቸው ይለያይ እንጂ ሆዳቸው አንድ ነው። እቴቴ ቦዩን የምትወለውልበት ማጽጃ ከተማው ውስጥ ያለች የውበት ሠራተኛ ሁሉ አርቴፊሻል ጥፍር የምታስለቅቅበት ያው ፈሳሽ ነው። ሌላ ፈታሽ ቢሆን ደረቅ ቦይ ይፈትሽ ነበር። እሱ ግን እርጥቡ ነው የሚናገረው ብሎ ስላመነ፣ በየፍላንጁ ጥፍሩን ማስለቀቂያ ውስጥ እየነከረ ሰነበተ። ሰኞ ጠዋት ጥፍሩ ትንሽ ሲነቃነቅ ተሰማው፤ ከኪሱ ማስቲሽ አውጥቶ ጠብ አደረገበትና «እስከ ምሳ ብቻ ቻልልኝ» አለው።

ኢንጂነሩ በክራቫት መጣ። ይቻላል ከኋላ ከኋላው እየተከተለ ገና ላልተጠየቀው ሁሉ «ይቻላል» ይላል። የመጀመሪያው ጥንድ የውሃ ግፊት መሞከሪያው መድረክ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የታችኛው ፍላንጅ ተጋድሟል፣ የላይኛው በማንሻ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። እቴቴ ቦዩን በማጽጃው አራሰችው።

«አሁን ይመልከቱ» አለ ይቻላል፤ «ይህን በዓለም ላይ የትም አያዩትም።»

ይህስ እውነት ነበር። ጋሽ ጥፍር ዓይኑን ጨፈነ፣ አንገቱን አዘመመ፣ ቦዩን በጥፍሩ ዞረው። ዞሮ ሲጨርስ ዓይኑን ሳይገልጥ ለረጅም ጊዜ ቆየ፤ ኢንጂነሩም ሳያስበው ትንፋሹን ያዘ።

«አልፏል።»

ሰዎቹ ቀለበቱን ቦዩ ውስጥ አስቀመጡ፣ የላይኛውን ፍላንጅ አወረዱ፣ ብሎኖቹን ፊት ለፊት እየተቀባበሉ አጠበቁ። ጋሽ ጥፍር እጁን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተተና በልማድ አውራ ጣቱን በሌባ ጣቱ ዳሰሰው።

ባዶ ነው።

ኪሱን ገለበጠ። ክርና የአውቶቡስ ቲኬት። ወለሉን አየ። ተንበረከከ፣ ከመድረኩ ሥር በአራት እግሩ ገባ።

«ምን ጠፋህ?» አለው ይቻላል በጥርሱ መካከል።

«ብሎን።»

«የምን ብሎን?»

«ትንሽ ብሎን።»

«ከዚያ ውጣ! እንግዳው መቀመጫህን እያየ ነው!»

ወጣ። ወለሉ ላይ ነው፣ አለ በልቡ፤ የሆነ ቦታ ተወርውሮ ነው፤ ሰው ረግጦት ነው። ፓምፑ ሲነሣ አንድ ቃል ተናግሮ ሊያስቆመው ይችል ነበር፤ ያ ቃል ግን ወንበሩን ይዞበት የሚሄድ ቃል ነበርና አፉ ውስጥ ቀረ። ሁሉም ከሽቦ መከላከያው ጀርባ ቆሙ። የግፊት መለኪያው መርፌ ከተኛበት ተነሣ፣ ትንሽ ወጣ፣ ገና የመንገዱ መጀመሪያ ላይ ሳለ ከፍላንጁ መገጣጠሚያ ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ውሃ ወጣ፤ ከመከላከያው በላይ ዘለለና ኢንጂነሩን ከክራቫቱ ጀምሮ እስከ ጫማው አጠበው። ይቻላልም ከጎኑ ስለነበር አልተረፈም፤ ውሃው የደረሰበት ግን አፉን እንደከፈተ ነው።

ፓምፑ ቆመ። ኢንጂነሩ መነጽሩን አውልቆ ሊጠርግበት ደረቅ ልብስ ፈለገ፤ አልነበረውም።

«ይከፈት» አለ።

ተከፈተ። ቀለበቱን ሲያነሡት በአንዱ በኩል እንደ አበባ ቅጠል ሳስቶ የተለጠፈ ሮዝ ነገር ነበረበት። ኢንጂነሩ በእጅ ባትሪ አየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

እቴቴ ጎንበስ አለች። «ጥፍር ነው» አለች። «የሴት ጥፍር።»

ይቻላል ውሃ እያንጠባጠበ ጮኸ። «ማን ነው ቦዬ ውስጥ ጥፍሩን የጣለው? ሁላችሁም ተሰለፉ! እጃችሁን አውጡ!»

ሠራተኛው እንደ ትምህርት ቤት ተማሪ ግድግዳውን ተደግፎ ተሰለፈ፤ እጁን ዘረጋ። ኢንጂነሩም ከድንጋጤ ብዛት እጁን ዘረጋ።

«እርስዎን አይደለም ጌታዬ!» አለ ይቻላል። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ጋሽ ጥፍር! ስለ ጥፍር ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈትሽልኝ።»

ጋሽ ጥፍር ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ሰልፉን ጀመረ። ጥቁር እጆች፣ የተጫጫሩ እጆች፣ አንድ ጣት የጎደለው እጅ አየ። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ቆም ይላል፤ በሕይወቱ የሰው እጅ እንዲህ ተጠንቅቆ አይቶ አያውቅም። ቆም ባለ ቁጥር ጊዜ እየገዛ ነበር፤ ምን እንደሚያደርግበት ግን አያውቅም። ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ጸሐፊዋ ቆማ ነበር። ጥፍሮቿ ሮዝ ናቸው።

ይቻላል ጥርሱን አፋጨ። «አንቺ!»

«አሥሩም አሉ» አለች ጸሐፊዋ፤ ጣቶቿን አፍንጫው ሥር ዘረጋችለት። «ቁጠራቸው። ደግሞ ለአንተ ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ አንዱ አልወለቀም፤ ፍላንጅህን ልነካልህ ነው?»

ሠራተኛው ሳቀ። ሳቁ ይቻላልን አነደደው፤ የሚያርፍበት ሰው ፈለገ። እቴቴን አገኘ።

«ታዲያ እዚህ ቤት ሌላ ሴት ማን አለ? ቦዩን የቆፈርሽው አንቺ፣ የወለወልሽው አንቺ! የማን ሊሆን ነው፣ የኔ?»

እቴቴ እጆቿን አዞረች። ጥፍሮቿ እስከ ሥጋው የተቆረጡ ናቸው፤ ጠርዛቸውን የማይለቅ የብረት ዘይት ከቦታል። «ይህን እጅ ማን ሮዝ እንደሚቀባው ንገረኝና ሄጄ ልሳመው።»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ምላስሽንም ዕቃሽንም ሰብስቢና ከቤቴ ውጪ!»

እቴቴ ሽርጧን ፈታች። ከዚያ፣ ምናልባት እጇ ሌላ የሚሠራው ስላጣ፣ ሽርጧን ጠቅልላ የቶርኖዋን ጀርባ መወልወል ጀመረች፤ ነገ ሌላ ሰው የሚቆምበትን ማሽን። ጋሽ ጥፍር ይህን ሲያይ መጀመሪያ የተሰማው ዕረፍት ነበር። አለፈልኝ፣ አለ በልቡ። ወንበሬ አለ። ቀጥሎ ግን ዓርብ ዕለት በከንቱ ያስደገማትን ቦይ አሰበ።

«የኔ ነው» አለ።

ማንም አልሰማውም።

«የኔ ነው አልኩ! ጥፍሩ የኔ ነው!»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ከሰባራው ጥፍር ላይ የማስቲሹ ቅሪት እንደ ቅርፊት ተላልጦ ይታያል። ይቻላል አውራ ጣቱን ይዞ አገላበጠው።

«ሮዝ?» አለ በዝግታ። «ሮዝ ነው የቀባኸው?»

«ሌላ አልነበራትም።»

እቴቴ ናት መጀመሪያ በሳቅ የፈነዳችው። ቀጥላ ጸሐፊዋ፣ ቀጥሎ ቤቱ በሙሉ። ባለ ዘጠኝ ጣቱ ሠራተኛ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኢንጂነሩ ለጨዋነት ሲል ወደ ጣሪያው ቢያይም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይቻላል ብቻ አልሳቀም። ሄዶ መደገፊያ ያለውን ወንበር አነሣና ለኢንጂነሩ አቀረበለት።

«ይቀመጡ ጌታዬ፤ ከዛሬ ጀምሮ ባለቤት የለውም።»

ኢንጂነሩ አልተቀመጠም። «ከመቼ ጀምሮ ነው በዚህ የፈተሹት?» አለው ጋሽ ጥፍርን።

«ከዓርብ ጀምሮ። ስድስቱንም ጥንድ።»

«እንግዲያው ስድስቱንም ፊቴ ትሞክሩልኛላችሁ። በፕላስቲክ የተፈተሸ ብረት ይዤ አልሄድም።»

«ይቻላል» አለ ይቻላል፤ የፈለገው ግን ማልቀስ ነበር። ከዚያ ወደ ጋሽ ጥፍር ዞረ። «ሁሉንም ብሎን የምታጠብቀው አንተ ነህ። ዙሪያውን እያየህ የምትናገረውም አንተ። ዛሬ እስኪመሽ ካፖርቱን ልበሰው፤ ነገ የሞረዱን ሽርጥ ትለብሳለህ። ስለ ወንበሩ፣» አለና ጣቱን ቀሰረ፤ «ስለ ወንበሩ የምናወራው አንዱ ያፈሰ እንደሆነ ብቻ ነው። ያኔ እውነተኛው ጥፍር ያስፈልገን ነበር ማለት ነው።»

ይህን ያለው በንዴት ነው፤ ጋሽ ጥፍር ግን እንደ ውል ያዘው። አንድ ፍላንጅ ብቻ ቢያፈስ! ፕላስቲኩ ያላየውን የእሱ ጥፍር ያየው ነበር ይባላል፤ እስኪያድግለት ይጠበቃል። የመጀመሪያው ጥንድ አዲስ ቀለበት ተደርጎለት ተሞከረ። መርፌው እስከ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ግፊቱ ፍላንጁ በሥራ ላይ ወደሚሸከመው ልክ ሲወርድ ጋሽ ጥፍር ባትሪ ይዞ ቀረበና ዙሪያውን አየ። ደረቅ ነው። «አልፏል» አለ። ሁለተኛው፣ ደረቅ። ሦስተኛው፣ ደረቅ። ሽርጧን መልሳ የታጠቀችው እቴቴ በየጥንዱ አንገቷ እየቀና ሄደ፤ የእሱ እየጎበጠ። ቀስ በቀስ የገባው ነገር ነበር፤ ለመግባት ያልፈለገው። ቦዮቹን ማንም አልፈተሻቸውም። ማንም ሳይፈትሻቸው ደህና ነበሩ።

«እቴቴ» አለ አራተኛውን ሲፈቱ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ድሮም እንዲህ ትሠሪ ነበር?»

«ያንተን ስድብ ፈርቼ ነው እንጂ» አለች፤ ከዚያ አሰብ አደረገችና፣ «አይ፣ ሐሰት ነው። የምሠራው እንዲህ ነው።»

አምስተኛውም አለፈ። ስድስተኛው ሲታሰር ጋሽ ጥፍር ልብሱ በላብ ተጣብቆበት ነበር፤ ክንዱ ብሎን በማጥበቅ ዝሏል። እንዲህ ያለ ሥራ ከሠራ ቆይቷል። መርፌው ወጣ፣ ቆመ፣ ወደ ሥራ ልኩ ወረደ። ባትሪውን ይዞ ፍላንጁ ላይ ጎንበስ አለ። አምላኬ፣ አለ፣ አንዲት ጠብታ ብቻ። ከቀትር በፊት ያዳናትን ሴት አሁን ለአንዲት ጠብታ ይሸጣት ነበር፤ ይህን ራሱም ያውቀዋል፤ ቢያውቀውም ጸሎቱን አላቆመም። መገጣጠሚያውን ከግራ ወደ ቀኝ በብርሃን ተከተለው። ግማሽ ሄደ። ሦስት አራተኛ ሄደ።

ከሁለቱ ብሎኖች መካከል፣ የፍላንጁ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት ጠብታ ብልጭ አለች።

«ያፈሳል!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ የቤቱ ሰው ሁሉ ሰማው። «ያፈሳል! ኑ እዩ! ያፈሳል!»

ይቻላል ራሱን ያዘ። ኢንጂነሩ ቀረበ። እቴቴ ሁለቱንም በክንዷ ገፋ አድርጋ ገባች፤ ጠብታዋን በሌባ ጣቷ ጠርጋ አየቻት። አሸተተቻት። ከዚያ ምላሷ ላይ አደረገቻት።

«ጨው ጨው ይላል» አለች።

«እና?» አለ ይቻላል።

«የፓምፑ ውሃ ጨው የለውም።» ቀና ብላ ጋሽ ጥፍርን አየችው፤ ከግንባሩ ሌላ ጠብታ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሳ ልትወድቅ ታመነታ ነበር። «የሚያፈሰው አንተ ነህ ጋሼ።»

ትከሻዋ ላይ የነበረውን መወልወያ አንሥታ ፊቱን ጠረገችለት። መወልወያው ዘይት የጠገበ ስለነበር ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ጥቁር መስመር ቀረ። የሳቀ አልነበረም። ኢንጂነሩ መለኪያውን አየ፤ መርፌዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ቃሉን የሚሰጠው የቤቱ ፈታሽ ነው» አለ ኢንጂነሩ። «ምን ይላሉ?»

ጋሽ ጥፍር ነጭ ካፖርቱን ወደ ታች ሳብ አድርጎ አስተካከለ። ፍላንጁን እንደገና ዞረው፤ አሁን ምንም አልለመነም፤ ያየው ብረት ብቻ ነው። ደረቅ ነበር። እዚያም፣ እዚያም፣ ብሎኖቹ መካከልም።

«አልፏል» አለ።

«ምን አለ?» አለ ይቻላል፤ ጠዋት ጆሮው ውስጥ የገባው ውሃ ገና አልወጣም ነበር።

«ጮክ በልለት እንጂ ጋሼ» አለች እቴቴ።

«አልፏል!» አለ ጋሽ ጥፍር ጮክ ብሎ፤ ድምፁ ከጣሪያው ቆርቆሮ ጋር ተላትሞ ተመለሰ።